የኪሮስ የቁም ተዝካር

ኪሮስ ሞተ የሚል ሰው የለም። አለ የሚልም የለም። ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ነገሩ እንደ ድንጋይ ከመሐላችን ተቀምጧል፤ ሁሉም ዞሮት ያልፋል እንጂ የሚያነሣው የለም።

የሞተ ሰው ይለቀስለታል። በሕይወት ያለ ይጠበቃል። የእሱ ግን ከሁለቱም አልሆነም። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ባለ ሐዘኑ እህል ሳይቀምስ፣ ከብት ሳይፈታ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄደው ደጁን ይመታሉ። ስለዚህ ጧት ጧት ወደ እናቱ ወደ አበራሽ ደጅ የሚሄድ ሰው ጠፍቷል። እሳት የጠፋባት ጎረቤት እሷን አልፋ ከሩቅ ትጭራለች። በሬው ያመለጠው ሰው እንኳ «በዚህ አላለፈም ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ፀሐይ እስክትወጣ ቁሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ መንገድ የጠፋው እንግዳ፣ ምንም የማያውቅ፣ ውኃ ሊለምን በማለዳ ደጇን መታ። ከቤቱ የወጣውን ጩኸት የሰማነው ሁላችን ነን። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ሮጦ ሄደ።

ኪሮስን በአርባ ቀኑ አቅፌ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ ባለቤቴም ቀድማኛለች፤ የቀረኝ ከጓሮ ያሉት ቀፎዎቼና እሱ ነበሩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ አጻጻፌ ቀስ ያለ ነው። ግን ይህን ልጅ የማያውቀው ሰው ቢያውቀው ብዬ ነው።

ረጅም ነው። ሲሄድ ሁልጊዜ ዝቅ ባለ በር የሚገባ ይመስል አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከልጅነቱ ጨዋታ አዋቂ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች እሱም አንድ ቀን ተነሥቶ ከጓደኛው ከአለሙ ጋር አረብ አገር ልሂድ አለ። ሁለቱ ሄዱ። የተመለሰው አንዱ ነው። ከባሕሩ ሳይደርሱ፣ በረሃው ላይ፣ አለሙ ቀረ።

ሰው ሲመለስ ወርቅ ይዞ ይመጣል ተብሎ ነው የሚጠበቀው፤ ኪሮስ ዝምታ ይዞ መጣ። አንድ አዲስ ጠባይም አመጣ። ውኃም ይሁን ጠላ ጨልጦ አይጠጣም። ከሥር አንድ ጉንጭ ያህል ያስቀርና ከመሬት ያፈሳታል። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት።

«ኪሮስ፣ መሬቱን እያጠጣህ ምን ሊበቅልልህ ነው?» ይሉታል።

«የአለሙ ድርሻ ናት» ይላል። እሱ አይስቅም። ያን ጊዜ የሳቁትም ያቆማሉ።

ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ግን አይገባም። ከቅጥሩ ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ቁሞ ያስቀድሳል። እኔ ደግሞ እንደ ወለድኩት ልጅ ስለማየው ዝም አልኩት፤ ልጅ ሲያኮርፍ የሚመለስበትን መንገድ አትዝጋበት ይባላል። ማር ስቆርጥ እየመጣ ጭስ ይይዝልኛል። አንድ ቀን እጁ ላይ የሞተች ንብ ይዞ እያየ፣

«አባ፣ ንብ ስትሞት ማን ይቀብራታል?» አለኝ።

«ከቀፎ የሞተችውን ጓደኞቿ ጎትተው ያወጧታል።»

«እሷን አይደለም። ሜዳ ላይ የሞተችውን።»

«እሷንማ ጉንዳን ነው ልጄ፤ ማን ይቀብራታል?»

ንቧን ከመሬት አኖረና በአውራ ጣቱ አፈር አለበሳት። ከዚያ፣ በጠራራው ቀን፣ ፀሐይ ከአናታችን ላይ ቁማ ሳለ ነገረኝ። አለሙ የሞተው በውኃ ጥም ነው። ደላላው መንገደኛውን እየነዳ ሄደ፤ ኪሮስ ብቻውን ከአስከሬኑ ጋር ቀረ። አሸዋውን በእጁ ቆፈረ፤ ነፋሱ እየመለሰ ይሞላበታል። ካህን የለም። ጸሎት የሚያውቀው ሁላችን የምናውቀውን፣ ሕፃን ሁሉ የሚለውን የጌታን ጸሎት ብቻ ነው። እሱን ጀመረ።

«ስለ ዕለት እንጀራ የሚለው ላይ ስደርስ አቃተኝ አባ» አለ። «እንዴት ብዬ ልበለው? አለሙ ቁራሽ አጥቶ፣ ጠብታ አጥቶ ነው የሞተው። እዚያው ላይ አቆምኩት። ጸሎቱን ሳልጨርስ ነው የቀበርኩት። ስለዚህ ከቅጥሩ ውስጥ ገብቼ ምን ልበል?»

ቄስ ገብሬ ዘንድ ወሰድኩት።

ቄስ ገብሬ የደብራችን ካህን ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፣ ግን ቁጣቸው እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ሳይቆይ ይበርዳል። የልጁን ነገር ሰምተው ሲያበቁ፣

«ሙሉውን ፍትሐት የሚፈታ ካህን ነው» አሉት። «ዳዊት ግን የተማረ ሁሉ ይደግማል። ሳትጨርስ የተውከውን ልትጨርስ ትፈልጋለህ? እንግዲያው ተቀመጥና ሀ በል።»

ያ ሎጋ ጎረምሳ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ሀ አለ። ሕፃናቱ «ጋሼ፣ እግርዎን ይሰብስቡልን፣ መቀመጫ አሳጡን» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አፉን ሸፍኖ ይስቃል። ዳዊቱን ሲዘልቅ የሆነ ነገር ተከፈተለት። ከቅጥሩ ገባ። በጸሎቱ ጊዜ ያ የዕለት እንጀራ ቃል ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ጥቂት ያቆማል፤ ሕዝቡ አልፎ ይሄዳል፤ እሱ ትንፋሽ ስቦ በኋላ ይከተላል። ዘወትር ከሰው ኋላ የቀረች አንዲት ድምፅ ትሰማለህ፤ የሱ ናት።

ከዚያ ማስተማር ጀመረ። በየጎጡ እየዞረ በአፍ መፍቻችን፣ በኽምጣና ያስተምራል። ሽማግሌዎቻችን አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን የሚያለቅሱት በኽምጣና ነው። እማማ ጥሩ፣ የመንደራችን ትልቅ ሴት፣ መጀመሪያ የሰሙት ዕለት እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ጭነው፣

«ለካ እግዜር ኽምጣና ያውቃል! እኔ ስንት ዘመን በአማርኛ ስለምነው ከረምኩ!» አሉና ሰውን ሁሉ አሳቁት።

ኪሮስ አንድ አባባል ነበረው፦ «ወንጌል ውኃ ነው፤ ከጠማው ዘንድ ካልሄደ እማሰሮው ውስጥ ይሸታል።» እኛ መልካም አባባል ነው እያልን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ወዴት እንደሚወስደው አላየንም።

ከመናኸሪያው አጠገብ መቆም ማብዛቱን ግን አየሁ። በየገበያው ቀን ልጆች በላስቲክ ከረጢት ልብሳቸውን ቋጥረው ይሳፈራሉ። እናቶቻቸው ሥራ ፍለጋ ከተማ ሄዱ ይላሉ፤ ሁሉም ወዴት እንደሆነ ያውቃል። ኪሮስ መኪናው ከኮረብታው እስኪሰወር ያያል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«እነዚህ የኛው ናቸው አባ። ሐዋርያ የሚያስፈልገው ጣዖት ለሚያመልክ ብቻ ይመስለናል። የኛ ልጆች ተጠምቀው፣ ማተብ አስረው፣ እዚያ ሜዳ ላይ እንደዚያች ንብ ይወድቃሉ። እዚያ የሚያስተምራቸው፣ ተመለሱ የሚላቸው፣ ሲሞቱም ዳዊት የሚደግምላቸው አንድ ሰው የለም።»

«እና?»

«እናማ ልሄድ ነው።»

ያ መንገድ አንዴ ከአፉ የተፋውን ሰው ሁለተኛ አይተፋም ብዬ ነገርኩት። ሰማኝ። ሽማግሌ ሲናገር የሚሰማ ልጅ ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«አባ፣ ለተዝካርዎ ያኖሩት ማር አለ?»

ይህን ልንገራችሁ። ወራሽ የሌለው ሰው በቁሙ ሳለ ተዝካሩን ያወጣል። ስሞት ማን ያስታውሰኛል ብሎ፣ ካህናቱንና ጎረቤቱን ሰብስቦ በዓይኑ እያየ ያበላል። የቁም ተዝካር ይባላል። የሽማግሌ ነገር ነው። እኔም ነጭ ማር በገንቦ አሽጌ ለዚያ አስቀምጬ ነበር።

«አለ» አልኩት። «ምነው፣ ልትበላልኝ ቸኮልክ እንዴ?»

«ልወስደው ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ለራሴ ተዝካር።»

ቄስ ገብሬ ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ነደዱ። «ጢምህ ሳይገጥም የቁም ተዝካር? ሞትን በስሙ ትጠራዋለህ?» አሉት።

«ሽማግሌው ሲሞት እርስዎ ደጁ ነዎት አባቴ» አላቸው። «እኔ እዚያ ብወድቅ አፈር የሚያለብሰኝ እንኳ ላይኖር ነው። እናቴ ተዝካሬን ላብላ አላብላ እያለች አትቃጠል። ዕዳዬን ከፍዬ ልሂድ። መነኩሴስ ቢሆን በቁሙ ፍትሐት ይፈታለት የለም?»

«እንግዲያው መንኩስ!»

«መነኩሴ ገዳም ይገባል። እኔ የምገባው ሌላ ነው።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። በኋላ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። «ሂድ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ቅር ለማለትም እፈራለሁ» አሉ። እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው የበረደ ሳይሆን የከሰለ መሰለኝ።

አበራሽ ግን በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ከደጄ ቁማ፣ ሳትገባ፣

«አያ ወልዱ፣ ማርዎን ሰጥተው ልጄን በቁሙ ሊያስበሉብኝ ነው?» አለችኝ።

«የለመነኝ እሱ ነው እቴ…»

«ልጅ እሳት ቢለምን ይሰጡታል?»

አቀረቀርኩ። ሄደች። በማግሥቱ ጌሾ ስትወቅጥ ሰማን። ሌሎቹ ሴቶች እናግዝሽ ብለው ቢሄዱ በር ዘግታ መለሰቻቸው። «የልጄን ተዝካር ሌላ ሴት አትጠምቅም» አለች።

የተዝካሩ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከቆላው፣ ከአበርገሌ በኩል፣ ትኩስ ነፋስ ሽቅብ ይወጣል። ዳስ ተጣለ። ካህናቱ ተቀመጡ። ኪሮስ ነጭ ለብሶ የራሱን ተዝካር ራሱ አሳለፈ። ጠጁን እየቀዳ «ብሉ፣ ጠጡ፣ የሌላ እንዳይመስላችሁ፣ የኔው ነው» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ትልልቆቹ የሚስቁት ከአንገት በላይ ነው። እህቱ ምሕረት ሞሰቡን ይዛ ትከተለዋለች። እሷም ቀደም ብላ ከደላላ ጋር ቃል ጀምራ የነበረች ናት። ያን ዕለት ኪሮስ ከሁላችን ፊት፣

«በዚያ መንገድ እንደማትሄጂ ማይልኝ» አላት።

«አንተ ካልሄድክ አልሄድም» አለችው፤ ሞሰቡን ከፍ አድርጋ።

«እኔ ልሠራ አይደለም የምሄደው።»

«እኔስ ልሠራ ነው ያለህ ማን ነው?» ብላ አለፈች። ሰው ቀልድ መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር።

አስቀድመን ተማክረን ነበር። ከተዝካር የበላ ሰው ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ማለት ልማዱ ነው። ለሕያው ሰው ግን ይህ አይባልምና፣ ሁሉም «እግዜር በሰላም ይመልስህ» ብሎ እንዲወጣ ቄስ ገብሬ አስጠነቀቁ። አበራሽ የፈራችው ይህን አንዱን ቃል ነበር። መጀመሪያ የተነሡት እማማ ጥሩ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስንት ዘመን ከስንት ተዝካር ሲነሡ ያሉትን አፋቸው ራሱ ያውቀዋል። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣

«ነፍስ ይማር!» አሉ።

ከኋላቸው ያለው ሁሉ፣ ልማድ እንደ ጎርፍ ይዞት፣ ባንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር!» አለ። ካህናቱም አሉ። እኔም አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

እማማ ጥሩ «ወየው! ምን አልኩ? ምን አፌን ያዘኝ?» እያሉ ፊታቸውን ይመታሉ። አበራሽ ከማድጋው አጠገብ ቁማለች፤ አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ መቀነቷን አጠበቀች። ኪሮስ ወደ እማማ ጥሩ ሄዶ እጃቸውን ያዛቸውና፣

«አሜን» አለ። «አሜን እማማ። የምሄድበትን ነው ያሉልኝ።»

በሦስተኛው ቀን ሄደ። ቁልቁለቱን ሲወርድ አንገቱን ሰበር አድርጎ አየሁት። ዞር ብሎ አላየንም።

ከዚያ በየእሑዱ በምሕረት ስልክ ይደውል ነበር። ከባሕሩ ጠርዝ፣ መንገደኞቹ ጀልባ ከሚጠብቁበት ነው። ቀን ሸክም ይሸከማል፤ ሲመሽ ልጆቹን ሰብስቦ ያስተምራል። አንዳንዱን አሳምኖ ወደ አገሩ ይመልሳል። የሞተውን ይቀብራል። ከስልኩ ውስጥ ሁልጊዜ ነፋስ ይሰማል። «እማ፣ አለሁ» ይላል። ነፋሱ በየሳምንቱ እየበረታ፣ የሱ ድምፅ እያነሰ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አበራሽ ስልኩን ሁለት እጇ ላይ እንደ ጫጩት አድርጋ ትይዘዋለች። አንድ እሑድ አልደወለም። የሚቀጥለውም እሑድ አልደወለም። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ፋሲካ አለፈ።

አንድ የቆላው፣ የኒሯቅ ልጅ፣ ከአረብ አገር ተይዞ የተመለሰ፣ ሰቆጣ ገበያ ላይ አገኘኝ። የኪሮስን ስም እየጠራ የክርስትና አባቱን ሲያፈላልግ ነበር።

«ባሕሩ ዘንድ ስንደርስ አንድ ረጅም ሰው በኽምጣና ‹የማን ልጅ ናችሁ?› አለን» ብሎ ነገረኝ። «እኔ እዚያ ቋንቋዬን ስሰማ ከአሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። የሁላችንን የአባት ስም ጠየቀ፤ አንዴ ሰምቶ በቃሉ ይይዛል። ‹ከናንተ ኋላ የቀረ አለ?› አለን። አለ አልነው፤ ሁለት ሴቶች መራመድ አቅቷቸው ቀርተዋል። ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ እኛ ወደ መጣንበት ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ነፋስ ተነሣ አባ። አሸዋው ፀሐይዋን ጋረዳት። እኛን ጀልባው ጫነን።»

«ሲመለስ አላያችሁትም?»

ልጁ ውኃ የሚጠጣበትን ጣሳ ዞር አድርጎ ያይ ጀመር። እኔም ይህን ለአበራሽ ነገርኳት፤ ግን በጧት አይደለም፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ቁማ ሳለች ነው። ሰምታ ስታበቃ «ሄደ እንጂ ሞተ አላለም» አለች።

«አላለም።»

«እንግዲያው ለቅሶ የለም። ተዝካሩም ተበልቷል። ምንም የቀረብኝ የለም» ብላ እህሏን ማበጠር ቀጠለች። ከእሷ ጋር ያለችው ምሕረት ብቻ ናት። ምሕረትም ካለፈው ክረምት ጀምራ ቄስ ገብሬ ዘንድ ዳዊት ትማራለች። ሐዘኗን ልትረሳበት ነው ብለን ደስ አለን። በጸሎት ጊዜ ከሴቶቹ በኩል ከሰው ኋላ የምትቀር አንዲት ድምፅ ስሰማ ጆሮዬ ነው አልኩ።

በዚህ ሳምንት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደጄ ተመታ። ያ ሰዓት ምን ሰዓት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። እንደምንም ተነሥቼ ስከፍት ምሕረት ናት። ብቻዋን። ሽማግሌ አላስከተለችም።

«ምነው ልጄ? ወሬ መጣ?»

«ወሬ የለም አባ። ወሬ ባለመምጣቱ ነው የመጣሁት።»

አስቀመጥኳት። ውኃ በጣሳ ሰጠኋት። ጠጣች፣ ከሥሩ ጥቂት አስቀረች፣ ከደጃፌ መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰቻት። እኔ ያንን እርጥብ አፈር እያየሁ፣

«እናትሽ ታውቃለች?» አልኳት።

«ጌሾው ሲወቀጥ ታውቃለች።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ የወንድሟ ነው። «አባ፣ ዘንድሮ ማሩ እንዴት ነው?»

«አልደረሰም» አልኳት። «ገና ነው። ዘንድሮ አበባ አልነበረም።»

«እስኪደርስ እጠብቃለሁ» አለች።

ከጓሮ ማር የሞሉት ቀፎዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማል።